ጉልበት ሲከዳ፡- ኦስቲዮአርትራይተስ ምንድን ነው? ለምን ይመጣል? እንዴትስ ይታከማል?

በአማርኛችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንድም የእግራችን መታጠፊያ ነው፤ አንድም ኃይል፣ ብርታት፣ አቅም ማለት ነው። «ጉልበቴ ደከመ» የሚል ሰው ሲያጋጥመን የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ሊኖርብን ነው። እኔ ባደግኩበት በቂርቆስና በካዛንቺስ አካባቢ ግን ብዙ እናቶች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሚሉት። ጉልበታቸው ሲታመም ጉልበታቸው ያልቃል። ሥራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለማቸው፣ ለቅሶ መድረሳቸው፣ ገበያ ወጥቶ መመለሳቸው ሁሉ በዚያች መታጠፊያ ላይ የቆመ ነውና።

ለሕመሙ የሚሰጠው ስም ደግሞ ብዙ ነው። አንዱ «ሪህ ነው» ይላል፤ ሌላዋ «ቁርጥማት ነው» ትላለች፤ ሌላው «ብርድ ነው የመታኝ» ይላል። የቀሩት ደግሞ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል!» ብለው ይተዉታል። እያንዳንዱ ስም የራሱን መድኃኒት ይዞ ይመጣል፤ ስሙ ከተሳሳተ መድኃኒቱም ይሳሳታል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ የጋዜጠኝነት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይሁን እንጂ እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ነገ ማይክ ይዘን ስለ ጤና ማውራታችን አይቀርምና ነገሩን ከሥሩ ብናውቀው አይከፋም።

ለመሆኑ ኦስቲዮአርትራይተስ ምንድን ነው?

ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበትን ቦታ መገጣጠሚያ ወይም አንጓ እንለዋለን። አጥንት ከአጥንት ጋር በቀጥታ ቢፋጭ ኖሮ ከአልጋ መነሳት ራሱ ሥቃይ በሆነ ነበር። ስለዚህ ተፈጥሮ የአጥንቶቹን ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ባለው፣ ነጭና ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን ሸፍናዋለች። ሥጋ ስንገዛ በቅልጥም ጫፍ ላይ የምናየው ያ የሚያብለጨልጭ ነገር ማለት ነው። በመገጣጠሚያው ውስጥ ደግሞ እንደ እንቁላል አስኳል ዙሪያ ያለው ነጩ ፈሳሽ ወፈር ያለ ማለስለሻ አለ። ሁለቱ ተባብረው አጥንቶቹ ያለ ችግር እንዲንሸራተቱ ያደርጋሉ።

ስለ ካርቲሌጅ ሁለት ነገር ማወቅ የበሽታውን ግማሽ መረዳት ነው። አንደኛ፣ ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም። ቆዳችን ሲቆረጥ ደም የጥገና ዕቃውን ይዞለት ይመጣል፤ ካርቲሌጅ ግን ይህ ስለሌለው ሲጎዳ ራሱን የመጠገን አቅሙ እጅግ ደካማ ነው። ምግቡን የሚያገኘው ከዚያ ማለስለሻ ፈሳሽ ሲሆን፣ እንደ ስፖንጅ ሲጫን ይጨመቃል፣ ሲለቀቅ ይመጣል። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ መገጣጠሚያ የሚራብ መገጣጠሚያ ነው። ሁለተኛ፣ ካርቲሌጅ የሕመም ነርቭ የለውም። በመሆኑም መሳሳት ሲጀምር ባለቤቱ አይሰማውም። ሕመሙ የሚመጣው ጉዳቱ ከሥር ወዳለው አጥንትና በዙሪያው ወዳለው ስስ ሽፋን ሲደርስ ነው።

ኦስቲዮአርትራይተስ ማለት እንግዲህ ይህ ሽፋን እየሳሳና እየተሸረሸረ የሚሄድበት ሕመም ነው። ቀደም ባለው ጊዜ «ያረጀ ጎማ እንደሚያልቀው ማለቅ ነው» ተብሎ ብቻ ይገለጽ ነበር። ዛሬ ግን ባለሙያዎች መላው መገጣጠሚያ የሚታመምበት በሽታ እንደሆነ ይስማማሉ። ካርቲሌጁ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው አጥንት ይወፍራል፤ በጠርዙ ላይ እንደ እሾህ ያለ ትርፍ አጥንት ይበቅላል፤ የውስጥ ሽፋኑ ይቆጣል፤ ፈሳሽ ይጠራቀምና ጉልበት ያብጣል፤ ሰውየው ሕመሙን ፈርቶ እግሩን መጠቀም ሲቀንስ ደግሞ የጭኑ ጡንቻ ይሟሽሻል። ጡንቻው ሲደክም ጫናው ተመልሶ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። አዙሪት ነው።

በብዛት የሚያጠቃው ጉልበትን፣ ዳሌን፣ የእጅ ጣቶችን፣ የአንገትንና የወገብን አከርካሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 60 በመቶ ገደማ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ በአንደኛነት የሚጠቃው ጉልበት ነው፤ 365 ሚሊዮን ሰዎች።

ማን ይያዛል? ለምን?

ዕድሜ ቀዳሚው ምክንያት ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ብዙ ሽማግሌዎች ጉልበታቸው ደህና ነው። ሌሎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

የሰውነት ክብደት፡- በመንገድ ላይ ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ጫና ከክብደታችን ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው። ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ደግሞ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ከ240 ኪሎ በላይ ይሸከማል ማለት ነው። ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ ሊሆን ምን ቀረው! ከዚህም ሌላ ስብ ራሱ ብግነትን የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ስለሚያመነጭ፣ የማንራመድበት የእጅ ጣት ሳይቀር ይጎዳል።

የቆየ ጉዳት፡- በወጣትነቱ ኳስ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ወይም አጥንቱ የተሰበረ ሰው ከዓመታት በኋላ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል።

የሥራ ጠባይ፡- ለረጅም ጊዜ መንበርከክ፣ ቁጢጥ ማለትና ከባድ ነገር መሸከም። በዚህ ላይ በቻይና ቤጂንግ የተደረገ ጥናት ለእኛም ትምህርት አለው። የቤጂንግ አሮጊቶች ከአሜሪካ አሮጊቶች ይልቅ ቀጫጭን ሆነው ሳለ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ በብዛት የተገኘው በእነሱ ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሲያጣሩ በወጣትነት ዘመን በቀን ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ከሕመሙ ጋር ተያይዞ አገኙት። እዚህ ላይ የእኛን ቤት እናስብ። ምጣድ ሥር በአጭር በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ልብስ በሳፋ ማጠብ፣ ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃ ቤት፣ ውሃ በጀሪካን መሸከም። ይህ ሁሉ የማን ሥራ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ፆታና ዘር፡- ሴቶች በተለይ የወር አበባ ካቆመ በኋላ በብዛት ይያዛሉ። በቤተሰብ ውስጥም ይወረሳል፤ በጣት መገጣጠሚያ ላይ ይህ በጣም ይታያል።

«ሩጫስ?» የሚል ይኖራል። በየዓመቱ ከመስቀል አደባባይ የሚነሳው ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ወዲህ «አትሩጥ፣ ጉልበትህን ትጨርሳለህ» የሚል ምክር ያልሰማ የሰፈሬ ልጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ግን ሌላ ነው የሚለው። ለጤናና ለደስታ ከሚሮጡ ሰዎች መካከል የጉልበት ወይም የዳሌ ኦስቲዮአርትራይተስ የተገኘባቸው 3.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከማይሮጡትና ቁጭ ብለው ከሚውሉት መካከል 10.2 በመቶ ነበሩ። በውድድር ደረጃ በሚሮጡት ላይ ግን 13.3 በመቶ ደርሷል። ልከኛ ሩጫ ጤነኛ ጉልበትን አያጠፋም፤ ያ የስፖንጁ ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይበለን።

ሪህ ነው ወይስ ሌላ?

ሁሉንም የመገጣጠሚያ ሕመም «ሪህ» ብሎ መጥራት ትልቁ ችግራችን ይመስለኛል። ሐኪሞች ሪህ የሚሉት ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጨው ሲከማች የሚመጣውን ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ በድንገት፣ በሌሊት፣ በእግር አውራ ጣት ላይ ይነሳል፤ ጣቱ ይቀላል፣ ይግላል፣ አንሶላ እንኳ አያስነካም።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ደግሞ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን መገጣጠሚያ ሲወጋ የሚመጣ ነው። በሁለቱም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ላይ ይበረታል፤ ጠዋት ሲነሱ ያለው መተሳሰር ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ከጉሮሮ ሕመም ሳምንታት በኋላ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመም ከመጣ ደግሞ የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ኦስቲዮአርትራይተስ ከእነዚህ የሚለየው በዝግታው ነው። ዕድሜያቸው ከ45 በላይ የሆኑ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ የሚያማቸው፣ ሲያርፉ የሚሻላቸው፣ ጠዋት መተሳሰሩ ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ ከሆነ ሐኪሙ ራጅ ሳያዝም ሊለየው ይችላል። ራጅና ሕመምም ሁልጊዜ አይስማሙም። በራጅ ላይ ጉልበቱ የተበላሸ ሰው በደህና ሲራመድ፣ ትንሽ ለውጥ ብቻ የታየበት ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። በአንጻሩ ትኩሳት ካለ፣ መገጣጠሚያው በድንገት አብጦ ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት ያስፈልጋል።

ከፍል ውሃ እስከ ክኒን

ከካዛንቺስ ቁልቁል ሲወረድ ፍል ውሃ አለ። የአዲስ አበባ ታሪክ ራሱ ከዚህ ሙቅ ውሃ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሁላችንም ከታሪክ መጻሕፍት አንብበናል። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ይታጠቡበት ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ቦታውን ወደውት ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች። እስከ ዛሬም ጉልበትና ወገብ ያመማቸው ሰዎች ፍል ውሃ መግባትን ያዘወትራሉ። እንግዲህ ልክ ናቸው ወይስ ተሳስተዋል? ልክ ናቸው፣ እስከ አንድ ቦታ ድረስ። ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፣ መተሳሰሩን ያላላል፣ ሕመሙንም ለጊዜው ያስታግሳል። የሳሳውን ካርቲሌጅ ግን አይመልስም። ካርቲሌጁን መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት በዓለም ላይ እስካሁን የለም። «ሙሉ በሙሉ እናድናለን» የሚል ማስታወቂያ ስንሰማ ይህችን አረፍተ ነገር እናስታውስ።

ክኒኑን በተመለከተ የቤታችንን ነገር ላንሳ። አያቴ ካዛንቺስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው እናቴንና አክስቶቼን ያሳደገችው። ጉልበቷን ሲያማት ስሙን ከማልጠቅሰው የሰፈር መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ማዘዣ ዳይክሎፌናክ ትገዛ ነበር። «ይቺ ቢጫዋ ናት የምትስማማኝ» ትለናለች። መድኃኒቷ በእርግጥም ታስታግሳታለች፤ ችግሩ አያቴ ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መዋጧ ነው። አንድ ቀን ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ቆማ መሄድ አቃታት፤ አዞራት። ሆስፒታል ስትደርስ ጨጓራዋ ቆስሎ እየደማ ነበር። ሐኪሙ «እማማ፣ ይህን መድኃኒት ስንት ጊዜ ወሰዱ?» ሲላት «ባመመኝ ቁጥር ነዋ ልጄ!» አለችው። ደም ተሰጥቷት ተረፈች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚገኙበት የመድኃኒት ምድብ ብግነትንና ሕመምን የሚቀንሰው ሰውነት የሚያመርታቸውን የተወሰኑ ንጥረ ነገሮች በማገድ ነው። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁትና ለኩላሊት ደም እንዲደርስ የሚያግዙትም እነዚያው ናቸው። ስለዚህ በተለይ በሽማግሌዎች፣ ደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ አደጋው ይበዛል። ደንቡ አጭር ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ካስፈለገም ከጨጓራ መከላከያ ጋር። ለጉልበትና ለእጅ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ስለሆነ ከሚዋጠው በፊት እሱን መሞከር ይመከራል። ፓራሲታሞል ለጨጓራ የተሻለ ቢሆንም ለዚህ ሕመም ያለው ጥቅም ትንሽ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «አርትሪ ኪንግ» በሚል ስም ለመገጣጠሚያ የሚሸጡ «ተፈጥሯዊ» የተባሉ ምርቶችን መርምሮ፣ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን አግኝቶባቸዋል። ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ነው፤ ለጊዜው ተአምር ይመስላል፤ ሲቆይ ግን ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ በድንገት ሲቆምም አደጋ አለው። «ቅጠል ነው፣ አይጎዳም» ብሎ ነገር የለም።

ታዲያ ሕክምናው ምንድን ነው?

ደስ የሚለው ነገር ከሁሉ የተሻለው ሕክምና ርካሽ መሆኑ ነው፤ እንቅስቃሴ። ብዙ ሰው «ጉልበትህን አሳርፍ» ይባላል፤ በዚህም ጡንቻው ይሟሽሽና ሕመሙ ይብሳል። አያቴ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያስተማረቻት ቀላል ነገር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ አምስት እስኪቆጠር መያዝ፣ ማውረድ፤ በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ። ቀጥሎ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፤ በሜዳ ላይ በየቀኑ መራመድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ማመሙ የሚጠበቅ ነው። ለውጡ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ክብደት መቀነስ ነው። ጥናት እንደሚያሳየው የሚቀነስ አንድ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። ሦስተኛው ከዘራ ነው። ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ ቀኝ ጉልበት ካመመ በግራ እጅ። ብዙ ሰው ግን በታመመው በኩል ነው የሚይዘው። አራተኛው ቤትን ማስተካከል ነው። ምጣዱን ቆመው በሚጋግሩበት ከፍታ ላይ ማድረግ፣ በርጩማውን በረጅም ወንበር መቀየር፣ ለመጸዳጃ መቀመጫ ማዘጋጀት። ስግደትንም በተመለከተ ጉልበቱ የማይችል ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ለሙስሊሞችም ታማሚ ሰላቱን ወንበር ላይ ሆኖ እንዲሰግድ የተፈቀደ ነው።

መርፌን በተመለከተ፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጥ ስቴሮይድ ሕመሙን ለሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል፤ ተደጋግሞ የሚሰጥ ግን አይደለም። ጉልበትን በቀጭን መሣሪያ «ማጠብ» የሚባለውም ነገር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሂዩስተን 180 ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከፊሎቹ እውነተኛው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ከፊሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። ውጤቱ ሲታይ የሁለቱ ቡድኖች ሕመም ልዩነት አልነበረውም። ለእኛ ለጋዜጠኞች ትልቅ ትምህርት ነው፤ «ተሻለኝ» የሚል አንድ ምስክር ይዞ መድኃኒት ሠራ ማለት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳና መራመድ ካስቀረ የመጨረሻው መንገድ የመገጣጠሚያ ቅየራ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ዘመናዊውን የዳሌ ቅየራ ካስተዋወቀ በኋላ የጉልበቱም ተከትሎ መጥቷል። የተሸረሸሩት ጫፎች ተነሥተው ብረትና ጠንካራ ፕላስቲክ ይተካሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ ለ25 ዓመት እንደሚያገለግሉ አሳይቷል። ቅየራው በአዲስ አበባም በጥቂት ሆስፒታሎች ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ዕቃው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ለብዙኃኑ ከአቅም በላይ ነው። ለዚህም ነው ከላይ የተዘረዘሩት ርካሾቹ ነገሮች ለእኛ አገር ሰው ይበልጥ ዋጋ የሚኖራቸው።

ደረጃና ጉልበት

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ሰፊው ክፍል ሲፈርስ ነዋሪዎቹ ወደተለያዩ ቦታዎች ሄደዋል። የአያቴ ጎረቤት የነበሩ እትዬ፣ ልጃቸው ዘንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገብተዋል። ሊፍት የለውም። «ቤቱስ ጥሩ ነው ልጄ፤ መውረዱ ነው እንጂ» ይላሉ። ድሮ ከደጃቸው ወጥተው ዑራኤል ይሳለሙ የነበሩ ሴት አሁን የሚወርዱት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ቀደም ብለን ያየነውን የደረጃ ጫና እዚህ ላይ እናስታውስ። ሰው ሲቀንስ መራመዱን ጡንቻው ይደክማል፤ ጡንቻው ሲደክም ደረጃው ይብስ ይረዝማል፤ ከዕድሩ፣ ከማኅበሩ፣ ከቡናው ይቀራል። በራጅ የማይታየው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። ለሽማግሌዎች ምድር ቤት ማስቀደም የሕክምና ጉዳይ ጭምር ነው የምለውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ቤታችሁ ውስጥ «እርጅና ነው» ተብሎ የተተወ ጉልበት ካለ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የሚዋጠው ክኒን ምን እንደሆነና ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሚዋጥ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩ። ሦስተኛ፣ ያቺን የአሥር ደቂቃ እንቅስቃሴ አብራችኋቸው ሥሩ፤ ብቻቸውን ይሰለቻሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእኛ እናቶች ግን የደበቁት ነገር የለም፣ በየቀኑ «ጉልበቴን!» እያሉ ነው። የቀረው የእኛ መስማት ነው።

ቸር ይግጠመን።